ከጠዳ የመጣው መነጽር

የዚያን ዕለት ጠዋት ምስር እየለቀምኩ ነበር። የነቢያት ጾም ገብቷል። ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀምጫለሁ። የዚያ ዓመት ምስር ጠጠሩ ክፉ ነበር፤ ቀለሙም መጠኑም ከምስሩ አይለይም። እኔን ግን አያመልጠኝም። ዓይኔ እስካሁንም ሸጋ ነው፣ ተመስገን።

«አንቺ!» አለ ባሌ ከእህል ቤቱ ውስጥ።

አንድ ጠጠር አውጥቼ ጣልኩ።

«አንቺ ምስር ለቃሚ! ዓይንሽን ይዘሽ ነይ!»

አርባ ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር ዓይኔን ሲፈልገው ያ የመጀመሪያው ነው። እጄን ፈልጎታል። ጀርባዬን ፈልጎታል። ጊደሬንም ፈልጎ ወስዷታል። ዓይኔን ግን አንድም ቀን ፈልጎት አያውቅ። ሰፌዱን አስቀመጥኩና ቀስ ብዬ ተነሳሁ። ጉልበቴ ይዞኝ አይደለም፤ እንዲጠብቅ ብዬ ነው።

ቆይ ከሥሩ ልንገርሽ። አንቺም የልጅ ልጄ ነኝ ብለሽ አታሳምሪልኝ፣ ከአፌ እንደወጣ ጻፊው።

ባሌ መካኒክ ነበር። የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ሌላው ወንድ ጡረታ ሲወጣ የዕድር ዳኛ ይሆናል፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ወይ ፒያሳ ወርዶ ማኪያቶ ይዞ ሰው ሲያማ ይውላል። እሱ አሮጌ መነጽር ማደስ ያዘው። ዓይን ላይ የሚደረገውን አይደለም። ይሄ ቱቦ የሚመስለው፣ በሦስት እግር የሚቆመው፣ ጨረቃና ኮከብ የሚያዩበት። እሱ ቴሌስኮፕ ይለዋል፤ እኔ መነጽር ነው የምለው። ማንም አላዘዘውም። ማንም አይገዛውም። እንዲያው ፍቅር ነው። ለሰው ያልነበረውን ፍቅር ለዚያ ሰጠው።

የመጀመሪያውን ያገኘው አንድ ትምህርት ቤት ከዕቃ ቤቱ አውጥቶ ሲጥለው ነው። መስተዋቱ ሻግቷል፣ መቆሚያው ዝጎ አልዞር ብሏል። አምጥቶ እህል ቤቴን አስለቀቀኝ። ጤፌ መኝታ ቤት ገባ፣ ብረቱ እህል ቤት ገባ። ብሎኑን በሰፌዴ ዘረጋው። ጥርስ ጥርስ ያለውን ብረት ደግሞ ሊጥ በማቦካበት ቡሃቃ ናፍጣ ሞልቶ ዘፈዘፈው። ቡሃቃውን በአመድ ብለው በአሸዋ ብለው አለቀቀም። ሦስት ወር ምግባችን ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ።

«ምንድነው ይሄ የሚሸተው?» አለኝ አንድ ቀን ማዕድ ላይ።

«ይብሉት፣ የራስዎ ናፍጣ ነው» አልኩት።

በጥፊ መለሰልኝ። ያን ጊዜ አንቱ ነበር የምለው። ገና በልጅነቴ ከትክል ድንጋይ በበቅሎ አምጥተው ሲሰጡኝ አንቱ በይው አሉኝ፣ አንቱ አልኩ።

እጁን ግን አልዋሽበትም። እጁ ሌላ ነበር። የዛገውን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል፣ በቤንዚን ያጥበዋል፣ ግራሶ ይቀባዋል፣ ኩሽኔታውን እያዞረ በጆሮው ያዳምጠዋል። ሽራፊ የምታህል ድምፅ ካለች እንደገና ይፈታዋል። ሲጨርስ ያ የደረቀ ብረት በአንድ ጣት ሲገፋ እንደ ማር ይሄዳል። እኔን በአንድ ጣት ነክቶኝ አያውቅም፤ በመዳፉ ነው።

ሲያልቅለት አንድ እሑድ ከሰዓት ሰፈሩን ጠራ። መነጽሩን ከጓሮ አቁሞ ከማዶ ጉብታ ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን አነጣጠረው። ከእኛ ቤት ቤተ ክርስቲያኑ አውራ ጣት ነው የሚያክለው። ሰው ተሰልፎ እያጎነበሰ አየ። ያቺ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን፣ ያን ጊዜ ገና ባሏ የሞተባት፣ አይታ ቀና ስትል ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና «ጉድ! ጉድ ነው እቴ!» እያለች ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ሲያስረዳት፣ እጁን ወደ ላይ ወደ ታች ሲያደርግላት አየሁ። ለእኔ አንድም ነገር አስረድቶኝ አያውቅም።

እኔ ከሁሉም በኋላ ነበር የተሰለፍኩት። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እጄን ታጥቤ። ተራዬ ሲደርስ የመነጽሩን ክዳን አንስቶ ጠቅ አድርጎ ዘጋው።

«የአንቺ ዓይን ለምስር ነው» አለ። «በጭስ የታጠነ ዓይን ይዘሽ መስተዋቱን ታጠቁሪዋለሽ።»

ሰው ሳቀ። ከሁሉም በላይ ጎረቤቴ ሳቀች። ምን አየሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጠይቄያት አላውቅም። ኩራቴ ነው።

ያንን ለትምህርት ቤቱ መለሰላቸው። ሌላ ትንሽ የነሐስ መነጽር ደግሞ ከቁራሌው አግኝቶ አደሰና ለአንድ ዶክተር ሰጠው። ከዚያ ትልቁ መጣ።

ጠዳ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ባለሱቅ ነበር። ባሌ በሚኒባስ ሲያልፍ የሱቁን ዳስ የያዘውን ብረት ያያል። ወረደ። ዳሱን የደገፈው የመነጽር መቆሚያ ነው፤ ሦስት እግሩ ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሯል። ቱቦውን ጣራ ላይ አሸንዳ አድርገውታል። ፈረንጅ ጥሎት የሄደ ነው ይላሉ፣ ማንም በደንብ አያውቅም። «መስተዋቱስ?» ቢላቸው የባለሱቁ ሚስት ከጓዳ አመጣችለት። ልኩ ነው ብላ የቅቤ ማሰሮ ክዳን አድርጋው ኖሯል።

ባለሱቁ ጅል አልነበረም፤ ሰውየው ብረቱን አልለቅ እንዳለ አይቷል። ከብት ካልሰጠኸኝ አለው። ባሌ ከብት የለውም። እኔ ግን ትክል ድንጋይ ወንድሜ ዘንድ አንዲት ጊደር ነበረችኝ። እናቴ ስትሞት ለእኔ ብላ የተወችልኝ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት። ወልዳ ወተት እጠጣለሁ እያልኩ ስጠብቃት ነበር። ሳይነግረኝ ሄዶ ነድቶ ወሰዳት። ወንድሜ እኔ የላክሁት መስሎት ሰጠው። የሰማሁት ብረቱ በጋሪ ደጄ ላይ ሲራገፍ ነው።

«ጊደሬስ?» አልኩት።

«ይቻትልሽ» አለ፣ ብረቱን በእግሩ መታ አድርጎ። «ይቺ ሣር አትበላብሽም።»

መስተዋቱን ከቅቤ ለማንጻት ለስላሳ ጥጥ ያስፈልጋል አለ። ሳጥኔን ከፍቶ የእናቴን ነጠላ በመቀስ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እያደረገ ቆራረጠው። ግማሹን ቆርጦ ሳይጨርስ ደረስኩበት። የቀረውን ይዤ ሸሸሁ። ከዚያን ቀን በኋላ ለእሱ ቁስል እንዲወጣበት መጸለይ ጀመርኩ። ክፉ ጸሎት ነው፣ አውቃለሁ። ጻፊው።

ቁስል አልወጣበትም። ዓይኑ ሄደ።

መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጠፋበት። በር ይገጫል፣ ዶሮ ይረግጣል። ሆስፒታል ወሰድኩት። የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ አሉን። የቀረውም አልቆየም። በሁለት ዓመት ውስጥ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ቀረለት።

«ሰው እንዳይሰማ» አለኝ። «ከተሰማ ከአንቺ ነው።»

ኩሩ ነው። ከአልጋው እስከ ደጁ፣ ከደጁ እስከ እህል ቤቱ እርምጃውን ቆጥሮ ያዘ። ሰውን በድምፁ እየለየ ሰላም ይላል። ከግቢ መውጣት ተወ፤ ሥራ ይዣለሁ ይላል። እውነትም ይዞ ነበር፤ ያን የጠዳውን መነጽር በዳበሳ ጨረሰው። ከመቆሚያው ጥርስ ሁለቱ ተሰብረው ነበር፤ ከአሮጌ የነሐስ ቧንቧ ቆርጦ፣ በጣቱ እየለካ፣ በሞረድ አወጣላቸው። እኔ አጠገቡ ሆኜ ጠጠር እለቅማለሁ፣ እሱ ብረት ይሞርዳል። አንዳንዴ ካቻቢቴው ከእጁ ይወድቅና ይደባብሳል። አያለሁ። አላቀብለውም።

አንቱ ማለቱንም ያን ጊዜ ተውኩ። አንድ ቀን ጠዋት «ቁርስህን ብላ» አልኩት። ጉርሻው አፉ ላይ ቆመ። ምን ይላል? የሚመራው እጄ ነው።

እንግዲህ ያን ጠዋት ከምስሬ ላይ ሲጠራኝ፣ መነጽሩ አልቆለት ነበር። ጓሮ አውጥቶ አቁሞታል። እውነት ለመናገር ያምራል። ጥቁር ቀለም ቀብቶታል፣ ነሐሱ ያበራል።

«ከቱቦው ጀርባ ሆነሽ እንደ ጠመንጃ ማዶ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ አነጣጥሪ» አለኝ። «ከዚያ እዚህች ጋ በዓይንሽ እይ። ይቺን ጥርስ በቀስታ አዙሪ። ጥርት ሲልልሽ ምን እንዳየሽ ንገሪኝ።»

አጎነበስኩ። መጀመሪያ ጉም ነው። አዞርኳት። ጉሙ ተሰበሰበ፣ ተሰበሰበና ድንገት እፊቴ ድቅን አለ።

ቤተ ክርስቲያኑ ተገልብጧል።

ጣራው ታች፣ መሠረቱ ላይ። የጉልላቱ መስቀል ወደ መሬት ተተክሏል። ጽዶቹ ከሥራቸው ተንጠልጥለዋል። አንዲት ነጭ የለበሰች አሮጊት ደጀ ሰላሙ ላይ ቁልቁል እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥላ ታማትባለች። የቀሚሷን ጥለት እንኳ ለየሁት። ዓይኔን አንስቼ ማዶውን በባዶ ዓይኔ አየሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ቆመ ነው። መልሼ በመነጽሩ አየሁ፤ ተዘቅዝቋል። ይሄ ሰው ጊደሬን በልቶ የሠራው ብረት የታቦት ማደሪያ የሚገለብጥ ሆነ አልኩ በሆዴ። ተበላሽቶበታል። አልሆነለትም።

«ምን ታየሽ?» አለ። አንድ እጁ መቆሚያው ላይ ነው። አልለቅ ብሏል። ጠዳ ላይ ባለሱቁ ያየውም እንደዚህ ይሆናል።

ፈርቼ ነው ብልሽ ይቀልለኝ ነበር። ፍርሃትም ነበረበት። ግን የዚያን ጊዜ ጆሮዬ ላይ የመጣው ያ ክዳን ጠቅ ሲል ነው።

«ምንም» አልኩ። «ጉም ነው።»

«በደንብ አዙሪ!»

«አዞርኩ። ጉም ነው። የምስር ዓይን ነው፣ ምን ያይልሃል?»

ፊቱ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ? ሕፃን ጡት ሲነጥቁት አይተሻል? እንደዚያ ሆነ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ጣፈጠኝ። ሄጄ ምስሬን ለቅሜ ጨረስኩ፣ አንድ ጠጠር አላመለጠኝም።

ከዚያ ወዲያ ያ በጋ በሙሉ የእኔ ነበር። እሱ ፈቶ ይገጥማል፣ እኔ ጉም ነው እላለሁ። ፊት ለፊት ያለው መስተዋት ሁለት ነው፣ አንዱ ሆዱ ያበጠ፣ አንዱ የጎደጎደ፣ ተደራርበው ነው የሚገቡት። «ቦታቸውን አቀያይሬው ይሆናል» ይልና ያወጣቸዋል። አቀያይሮ ሲገጥም እውነትም ጉም ይሆናል። መልሶ እንደ በፊቱ ሲገጥም ጥርት ብሎ ይገለበጣል። ለእኔ ሁሉም ጉም ነው። አንድ ቀን ብሎን ወደቀበት። እግሬ ሥር ነበረች። በእግር ጣቴ ገፋ አድርጌ ዶሮዎቹ ወዳሉበት ሰደድኳት። በአራት እግሩ ሄደ። በእጁ የዶሮ ኩስ ያገኛል፣ ይጠርጋል፣ ደግሞ ይደባብሳል። ሰፌዴን ይዤ አየሁት። በቃኝ ስል ነው «ከግራ እጅህ ሥር ናት» ያልኩት።

«እያየሽ ነው የቆየሽው?»

«እኔ ምን አያለሁ» አልኩት።

ጎረቤቴ በግድግዳው በላይ አንገቷን ታወጣለች። «አያ፣ ያ ነገርዎ መቼ ነው እንደ ድሮው የሚያሳየን?»

«ሊደርስ ነው፣ ትንሽ ቀርቶታል» ይላል፣ እሷ በሌለችበት በኩል ፊቱን አዙሮ ፈገግ እያለ።

«ወዴት ነው የሚያዩት? እኔ እዚህ ነኝ!»

«ፀሐዩ ነው» ይላል።

ስትገባ ጠብቄ «ለምን ለእሷ አታሳያትም? አንዴ አይታ ትነግርህ ነበር» አልኩት። እያወቅሁ ነው፣ ልወጋው።

«ዕውር ነኝ ልበላት?» አለ። «ያቺን ሴት? ከዚያስ የሰፈሩ ውሻ ሳይቀር አይሰማም?»

ስለዚህ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዓለም ሁሉ ዓይን ያለኝ እኔ ብቻ።

ግንቦት ላይ ነው የሆነው። መቆሚያው ከጀርባው ሚዛን የሚጠብቅ የብረት ድቡልቡል አለው፣ ወፍጮ መጅ የሚያክል። ፈታሁት ብሎ ሲስበው ድንገት ወጣና እግሩ ላይ ወደቀ። ትልቁ ጣቱ ተፈጠፈጠ። አልጮኸም። ደሙ እየወረደ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። በጨው ውኃ አጠብኩት። የምጠቀልልበት ጨርቅ ብፈልግ አጣሁ፤ ከሳጥኔ ያችን ግማሽ የእናቴን ነጠላ አውጥቼ ቀደድኩ። ለምን እንደቀደድኩ እስካሁን አላውቅም።

እግሩን ይዤ ሳለሁ ተናገረ። ለእኔ አይደለም የተናገረው፣ ለብረቱ ነው።

«ሌላ አልፈልግም» አለ። «ዓይኔም አይመለስ፣ ግድ የለኝም። ይሄ ነገር እንደሚያሳይ ብቻ ልወቅና ልሙት።»

አዘንኩለት። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ለእሱ ማዘን አላውቅበትም ነበር፤ አላውቅበትም ስልሽ፣ ነገር እንደማያውቅ ሰው ነው የጀመርኩት።

ከሁለት እሑድ በኋላ እያነከሰ እንደገና ገጠመው። መጀመሪያ ቀን እንደነበረው አድርጎ። ዝናቡ ሊገባ ነው፣ ሰማዩ ግን ገና ጥርት ያለ ነበር። ጠራኝ። ሳልዘገይ ሄድኩ። አነጣጠርኩ፣ አዞርኩ። ያው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በጉልላቱ ቆሟል። ቅዳሴ የወጣው ሕዝብ በራሱ ቆሞ ይሄዳል።

አሁን ምን ልበለው? ተገልብጧል ብለው ተበላሽቷል ማለት መስሎኝ። ደግሞስ የታቦት ማደሪያ ተዘቅዝቆ አየሁ ብሎ ማን አፉን ይከፍታል? እኛ በደጁ ስናልፍ ከበቅሎ ወርደን፣ ጫማ አውልቀን፣ ግንቡን ስመን የምናልፍ ሰዎች ነን። መስቀሉ ወደ ታች ነው ማለት ከአፌ አይወጣም። ስለዚህ እጁ ያላቃናውን እኔ በአፌ አቃናሁለት።

«ታየኝ!» አልኩ።

ክንዴን አፈፍ አድርጎ ያዘኝ። «ምን ታየሽ?»

«ቤተ ክርስቲያኑ ነዋ! ጥርት ብሎ። ሸጋ አድርገህ ሠርተኸዋል።»

«መስቀሉስ?»

«ይታያል እንጂ። ያበራል።»

«የት ነው ያለው?»

«የት ይሆናል? ጉልላቱ ላይ ነዋ።»

«ላይ ነው ወይስ ታች?»

«ምነው አንተ!» ብዬ አማተብኩ። «የቤተ ክርስቲያን መስቀል ታች ይሆናል? ላይ ነው፣ ወደ ሰማይ።»

«ዛፎቹስ?»

«ቆመዋል።»

«ሰዎቹስ?»

«በእግራቸው እየሄዱ ነው። ቀጥ ብለው። ሁሉም ቀጥ ብሏል።»

እጁ ክንዴ ላይ ላላ። ጣት በጣት ነው የለቀቀኝ። ደስ ይለዋል ብዬ ፊቱን ሳይ፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም። የታጠበ ሰሌዳ።

«አዘንሽልኝ» አለ።

«ምን?»

«አንቺም አዘንሽልኝ። እዚህ ደረስኩ።»

«በታቦቱ! በዚያው በማዶው ታቦት! ዓይኔ ይጥፋ፣ አይቻለሁ!»

«አትማይ» አለ። «ምንም አላየሽም። አንድ ነገር አላየሽም።» ክዳኑን በዳበሳ ፈልጎ አገኘውና ጠቅ አድርጎ ዘጋው። «ለቁራሌው ስጪው። ብረቱ ለመጥረቢያ ይሆናል።»

እንዴት እንዳወቀብኝ ግራ ገባኝ። ደግሞ አይቻለሁ እኮ! ውሸቴ ማየቴ ላይ አልነበረም። ተናደድኩ። ለካ እንዲህ ነው፣ ለክፉ ሰው ደግ ብትሆኚለትም ይሰድብሻል አልኩ። ለቁራሌው አልሰጠሁትም፤ ደግ ሆኜ አይደለም፣ ሲወጣ ሲገባ እንዲጋጭበት ብዬ ጓሮ እንደ ቆመ ተውኩት። ዶሮዎቹ ማደሪያ አደረጉት።

እሱ ግን አልተጋጨበትም። ወደ ጓሮ መሄድ ተወ። ክረምቱ ሲገባ ተኛ። ሐኪሙ ሳንባ ነው አለ፣ ቄሱ ዕድሜ ነው አሉ። አንዳንዴ አልጋው ላይ ሆኖ ሁለቱን መዳፎቹን እያደራረበ፣ እያገለባበጠ ይገጥማል። መስተዋቶቹን መሆኑ ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሾርባ ሳጎርሰው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ይቅር በይኝ ሊለኝ ነው ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ቅቤው አልለቀቀ ይሆናል» አለ።

ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

አርባውን መስከረም መግቢያ ላይ አወጣሁለት። ቄሶቹም ሰዉም በልቶ ጠጥቶ ሄደ። ጎረቤቴ ቀርታ ጋኑንና ጣሳውን ስታለቃልቅልኝ ዋለች። ዝናቡ አባርቶ ማዶው ቁልጭ ብሏል። ውኃውን ልትደፋ ጓሮ ወጣችና እዚያው ቀረች።

«አንቺ! ይሄን ነገር አልሸጥሽውም እንዴ?» አለችኝ።

«ማን ይገዛዋል? የተበላሸ ነው።»

በቀሚሷ ጫፍ የዶሮውን ኩስ ጠረገች። ክዳኑን አነሳች። ያኔ እንዳሳያት አድርጋ ከጀርባው እንደ ጠመንጃ አነጣጠረች፣ አጎነበሰች፣ አዞረች። ከዚያ ቀና አለችና ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና፣ እንደዚያን ጊዜው፣ ሳቀች።

«ጉድ! ጉድ ነው እቴ! ይሄማ ሠርቷል! ከዚያኛውም ይበልጣል፤ የካህኑን ጥምጥም ትቆጥሪያለሽ!»

«ምኑ ነው የሠራው?» አልኳት። «ተገልብጦ እያየሽ?»

«ተገልብጦማ ነው እንጂ! እንዲያ ነው የሚያሳየው። ኮከብ ማያ ሁሉ እንዲያ ነው፣ ሲሠራ ይገለብጣል። ያን ጊዜ ደንግጬ አማትቤ ስነሳ እሱ አይደል ያስረዳኝ? በዚህ ቀጥ ብሎ ታየኝ የሚልሽ ሰው ካለ ምንም አላየም፣ ውሸቱን ነው አለኝ።»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱ እግሩ ሲደማ የተቀመጠበት ላይ። ለእሷ አንድ ቃል አልተናገርኩም። አንቺ ስትጽፊው የምትሰሚ የመጀመሪያዋ ነሽ። እሷ ክዳኑን መልሳ ጠቅ አድርጋ ዘጋችው፣ ጣሳዋን አነሳች፣ ዞር ብላ አየችኝ። አሁንም ከንፈሯ ላይ ያ ሳቅ አለ።

«ምነው እቴ» አለችኝ፣ «አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ አልጋ ላይ ተኝታችሁ ይቺን አልነገረሽም? እኔን እኮ አንድ እሑድ ከሰዓት ነው የነገረኝ።»